«ሞቀች» ያልኩ ዕለት

ስለ ሙቀት ስናገር የሚያምነኝ ሰው የለም። ጥፋቱ የትውልድ አገሬ ነው። መተሐራ ተወልዶ ያደገ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ «ኧረ ሞቀኝ!» ሲል፣ ዓሣ «ውኃ በዛብኝ» ብሎ የከሰሰ ያህል ያስቃል። እናንተ ግን የትውልድ ቦታዬን ከግንባሬ ላይ ስለማታነቡት እስከ መጨረሻው ታዳምጡኝ ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። መሳቅ ትችላላችሁ። የእኛ ሰፈር ሰውም ስቆ ነው የጀመረው።

መምህርት ሆኜ ማርቆስ የተመደብኩ ጊዜ እናቴ አለቀሰች። መራቄ ብቻ አልነበረም ያስለቀሳት፤ ብርዱ ነው። «ደጋ ነው አሉ፤ እንደ እንጨት ደርቀሽ ልትቀሪ ነው» እያለች የጎረቤት ብርድ ልብስ ሳይቀር ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቀች። እኔ በልቤ ተመስገን እል ነበር። የመተሐራ ሰው፣ ካህን ስለ ሲኦል ሲሰብክለት፣ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «እንደ እዚሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚያወጣ አውቶቡስ የለም» ከተባለ ይበቃዋል። እኔ አውቶቡሱን አግኝቼ ወጣሁ።

እውነትም ማርቆስ ያን ጊዜ ብርድ ነበራት። ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሣር ላይ ውርጭ ተነጥፎ ያድራል፤ ተማሪዎቼ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው «ጻፉ» ስላቸው በዓይናቸው ይለምኑኛል። ቀን እንኳ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሳይቀር፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ አንድ እርምጃ ሲገቡ ነጠላን ጎተት ማድረግ ያስፈልግ ነበር። እናቴ ደግሞ ወደ ማርቆስ የሚመጣ ሰው መኖሩን በሰማች ቁጥር አንድ ጋቢ ወይም አንድ ብርድ ልብስ ታሸክመዋለች። የማላውቃቸው ሰዎች መናኸሪያ ላይ «የመተሐራዋ መምህርት አንቺ ነሽ?» ብለው ብርድ ልብስ አስታቅፈውኝ ይሄዳሉ። ቤቴ ውስጥ አልጋዬ በብርድ ልብሱ ቁልል ከፍ እያለ መጥቶ ለመውጣት ወንበር ያስፈልገኝ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው። ተበላሸ ስል ስሙ ልማት ነው፤ አፌን ስላዳለጠው ይቅርታ። መጀመሪያ ከሰፈራችን ጀርባ የነበረው ባሕር ዛፍ ሄደ። ቀጥሎ የጽዱ አጥር ሄዶ ቆርቆሮ ቆመ። ግቢዎች ሁሉ ሣራቸውን ገፈው ሲሚንቶ ለበሱ። ከዚያ ኮብልስቶን መጣ። የቀድሞውን ጭቃ ረስቼ አይደለም፤ አንድ ክረምት ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ትቼ በካልሲ ገብቼ አስተምሬአለሁ። ድንጋዩ ሲነጠፍ እኔም ከሰፈሩ ሴቶች ጋር እልል ብያለሁ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ እንደሚተፋው ነው። ፀሐይ ጠልቃ ሰው «እፎይ» ሊል ሲል መንገዱ ከሥር ወደ ላይ ይተነፍስብናል።

ከሁሉም ግን ፎቁ። ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ በምሥራቅ በኩል፣ አንድ ባለ ሀብት ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ አቆሙ። ጠዋት፣ ያ የታወቀው የማርቆስ ብርድ ገና ሳይለቀን፣ ፀሐይዋን እንሞቃለን ብለን በር ላይ ስንሰለፍ ፎቁ ይጋርደናል። ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ወደ ኋላችን ዞራ «ተመስገን፣ በራችን ጥላ ሆነ» ስንል፣ መስታወቱ ተቀብሎ ፊታችን ላይ ይመልሳታል። ስንፈልጋት የሚከለክለን፣ ስንሸሻት የሚያመጣልን። ሁለት ፀሐይ ያላት ከተማ ሆንን፤ አንዷ የእግዚአብሔር፣ አንዷ የባለ ፎቁ። የእግዚአብሔሯ ትጠልቃለች።

ይህንን ለይታይሽ ነገርኳት። ይታይሽ በዚያው ግቢ አብራኝ የምትከራይ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀስዋ ይበልጣል።

«ይታይሽ፣ ይሄ ነገር ሞቆ የለም ወይ?»

«ምኑ? ማርቆስ?» የስፌት መኪናዋን አቁማ ሳቀች። «አንቺ የቆላ ሰው፣ እኛ ዝም ብለን አንቺ ነሽ የምትጮኺ?»

«ሙቀት ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።»

«እንግዲያው ከሻንጣሽ ጋር ይዘሽብን መጥተሽ ይሆናላ!»

ቀልድ ነበር። ግን ማርቆስ ውስጥ ቀልድ ከሰው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። በሳምንቱ ቲማቲም ስገዛ ሻጯ ለጓደኛዋ «ሙቀቱን ይዛ የመጣችው መምህርት እኮ ናት» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ቲማቲሙም በስሏል፤ እሱንም በእኔ ሳታሳብብ አልቀረችም።

ትምህርት ቤትም መከራ ነው። የማስተምረው ሳይንስ ነው። «ድንጋይና ቆርቆሮ ሙቀት ይይዛሉ፤ ዛፍ ደግሞ ጥላ ይሰጣል፣ በቅጠሉም ውኃ እያተነነ አየሩን ያቀዘቅዛል» ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ በዜማ ደገሙልኝ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንግዲያው ለምን ይቆርጡታል?» የቆርቆሮው ጣሪያ ከላያችን ይንጣጣል። ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ አሰብኩ፣ አሰብኩና «ይሄ ለፈተና አይመጣም» አልኳት።

ዐቢይ ጾም የገባው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም የለም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ገዝቼ መስኮቱ ሥር ቀጥ አድርጌ ያቆምኳት ሻማ ወገቧ ታጥፎ ግንባሯ መደርደሪያው ላይ ደርሷል። መስታወቱ ነው። ሰሞነ ሕማማት ገና ሩቅ ነበር፤ ሻማዬ ከእኔ በፊት ስግደት ጀመረች። ያን ዕለት የእናቴን ብርድ ልብሶች አወጣሁና መስኮቱ ላይ አንዱን፣ በሩ ላይ አንዱን ቸነከርኩ። ጋቢውን አርጥቤ ጣሪያው ሥር ዘረጋሁት። ማታ ስትደውል «ብርድ ልብሱ ጠቀመሽ ልጄ?» አለችኝ። በጾም መዋሸት አልችልም። «በጣም ጠቀመኝ እማዬ፤ ያለ እሱ ሞቼ ነበር» አልኳት። «ይኸው! አላልኩሽም?» ብላ አንድ ተጨማሪ ላከች።

ቀን ቀን መድኃኒቴ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ያሉት ጽድና ወይራ ማንም የማይደፍራቸው ናቸው። ኮብልስቶኑ ላይ እየተለበለብኩ መጥቼ በሩን ስሜ አንድ እግሬን ወደ ውስጥ ሳስገባ፣ ሌላ ወር ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ጽዱ ጽዱ ይሸታል፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ በላብ የራሰው ነጠላዬ በላዬ ላይ ይደርቃል። ከሥራ እንደወጣሁ እዚያ ነኝ፤ ቅዳሜ እዚያ ነኝ። ሰው «የጾሟ ነገር!» ብሎ ያደንቀኛል። ውስጤ ግን አላረፈም። የመጣሁት ለአምላክ ነው ወይስ ለጽዱ? ጸሎቴ ሲያልቅ ቀና ብዬ ፀሐይዋን አያለሁ፤ ገና ካልበረደች አንድ ጸሎት እጨምራለሁ። ይህ ምን ይባላል?

ለነፍስ አባቴ ለአባ ነገርኳቸው። ከወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አባ፣ አንድ ኃጢአት አለብኝ።»

«እህ?»

«እዚህ የምመጣው… ለጸሎት ብቻ አይደለም። ለጥላውም ነው።»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «እኔስ ልጄ?» አሉና መልሰው ጨፈኑት።

ከዚያ በኋላ ጥላ ፈላጊነቴን እንደ ኃጢአት ማየት ተውኩ። የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እማሆይ ናቸው።

እማሆይ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው፣ ኪራይ ከምንከፍላቸው ይልቅ ብንጾምላቸው የሚመርጡ አሮጊት። ክፍላቸው በፎቁ ትክክል ስለሆነች ከሁላችንም የባሰ የመስታወቱ ሙቀት የሚያገኘው እሳቸውን ነው። ደም ግፊትም አለባቸው። ጤና ጣቢያ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ነርሷ «እማሆይ፣ ሙቀት ላይ እንዳይውሉ፤ ጥላ ቦታ ይዋሉ፤ አለዚያ መውደቅ ይመጣል» ስትላቸው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ያዘዝሽልኝ መድኃኒት ደጄ ላይ በቅሏል» አሏት።

መድኃኒቱ ዋንዛ ነው። ከግቢው በር ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ዳር፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የተከሉት ትልቅ ዋንዛ። እማሆይ ጠዋት ቁርበታቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ከግንዱ ጋር ጀርባቸውን አጋጥመው ዳዊት ይደግማሉ፣ ጥላው ሲዞር እሳቸውም ይዞራሉ። ሰዓት የላቸውም፤ «ቁርበቱ በሩ ጋ ከደረሰ ስድስት ሰዓት ነው» ይሉናል። ከፎቁ መስታወት የሚመጣውን እንኳ ዋንዛው በቅጠሉ ይቀበለዋል። ሰፈሩ ውስጥ እንደ ቀድሞዋ ማርቆስ የምትበርድ የቀረች መሬት ያችው የቁርበቱ ቦታ ነበረች።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ እማሆይ ዋንዛው ሥር ቆመው እልል ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እይ! ልማቶች መጥተው ዛፌን መስቀል ቀብተውልኝ ሄዱ!»

አየሁ። ግንዱ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ በቀይ ቀለም ሁለት መስመር ተጣምሮ ተቀብቷል። ያንን ምልክት የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ በግድግዳ ላይ ከሆነ ቤቱ ይፈርሳል፣ በዛፍ ላይ ከሆነ ዛፉ ይወድቃል። እማሆይ ግን መስቀል ነው ያሉት።

«ትንሽ… ዘመም አላለም እማሆይ?» አልኩ።

«ጌታችን ሲሸከመውም ዘመም ብሎ ነበር» አሉና ጠጋ ብለው ሳሙት። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ከንፈራቸው ቀላ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠዋት ይስሙታል፣ ማታ ይስሙታል። እሳቸውን አይቶ መንገደኛው ማማተብ ጀመረ። ይታይሽ እንኳ፣ ምልክቱን እንደኔው የምታውቀው ይታይሽ፣ እማሆይ እያዩዋት ማለፍ ከብዷት ግንባሯን ታስነካለች። «እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «የሚቆረጥ ዛፍ ስሜ አላውቅም፤ በዚህ ጾም ይኸንንም አየሁ።» የሚነግራቸው ሰው ጠፋ። ሁላችንም ሌላው ይንገራቸው እያልን ተያየን።

በዚህ ጊዜ ነው ስብሰባ የተጠራው። የቀበሌው ነዋሪ በደጃችን ስለሚሰፋው መንገድና ስለ ልማቱ አስተያየት ይስጥ ተባለ። እኔ በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም፤ እንግዳ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ለዚያውም ሙቀቱን ይዛ የመጣች እየተባልኩ። ግን እማሆይ ቀይ ከንፈራቸውን ይዘው በዓይኔ ላይ ዞሩብኝ። እናገራለሁ አልኩ።

እንግዲህ ጥንቃቄዬን ተመልከቱ። የምናገረውን ለቀናት አዘጋጀሁ፤ ይታይሽ ፊት ተለማመድኩ። ችግሩ ቃሉ ነበር። «ከተማችን ተቃጠለች» ብል እሳት አደጋ ይጠራሉ። «ነደደች» ብል ፖለቲካ ይመስላል። «ጋለች» አልኩና አፌ ላይ አዙሬ ቀመስኳት፤ ከተማ በሴት እየተጠራች «ጋለች» ማለት ለጾም ሰሞን አልተመቸኝም። «ማንንም የማያስቀይም፣ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጊ» አለችኝ ይታይሽ። ፈለግሁ። አገኘሁ። «ሞቀች።» ጨዋ ቃል፣ ሕፃንም ሽማግሌም የሚናገራት። ለምስክርም የታጠፈችውን ሻማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ። ሰው ሁሉ በባርኔጣውም በነጠላው ጫፍም ፊቱን ያራግባል። መድረኩ ላይ ሊቀመንበሩ አቶ ጌትነት ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ስለ ሥራው ስፋት ይናገራሉ። አባም የሃይማኖት አባት ተብለው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እጄን አነሣሁ።

«መምህርት፣ ይናገሩ!»

ተነሣሁ። «የተከበራችሁ ሰብሳቢዎች፣ የተከበራችሁ ወገኖቼ። እኔ ከሩቅ የመጣሁ ነኝ። የዛሬን አያድርገውና፣ እኔ ስመጣ ይህች ከተማ ቀዝቃዛ ነበረች።»

«እውነት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

በረታሁ። «ልማቱ ከመጣ ወዲህ ግን… ከተማችን ሞቀች!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ሰው ችግሬን ተረዳኝ ብዬ። ቀጥሎ የአቶ ጌትነትን ፊት አየሁ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ወጥቷል። ያን ጊዜ ገባኝ። በአገራችን ቋንቋ ሠርግ ይሞቃል፣ ገበያ ይሞቃል፣ ጨዋታ ይሞቃል። የሞቀ ነገር የተባረከ ነው።

«አይደለም፣ አልተግባባንም» አልኩ። «በጣም ሞቀች ማለቴ ነው! ከሚገባው በላይ ሞቀች!»

ጭብጨባው በፉጨት ታጀበ።

«ቀን ትሞቃለች፣ ማታም አትበርድም! እኛ ሰፈርማ ከፎቁ ወዲህ መቀመጥ አልተቻለም!»

«ሰማችሁ?» አሉ አቶ ጌትነት ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «ቀንና ማታ! ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ጠፋ እያሉን ነው! ይህንን የሚመሰክሩት ደግሞ ከሌላ አገር የመጡ፣ ሞቅ ያለ ከተማ ምን እንደሆነ የሚያውቁ መምህርት ናቸው!»

ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙቀት ጉዳይ አመነኝ። ጨነቀኝና ቦርሳዬን ከፍቼ ሻማዬን ወደ ላይ አነሣኋት። «እስቲ ይህችን ሻማ እዩልኝ!»

«ሻማ ሳይቀር ይዘው መጥተዋል! ለመንገዱ ምረቃ እናበራታለን፤ ተቀበሏቸው!» አንድ ሰው መጥቶ ሻማዬን ከእጄ ወሰዳት።

«ስለ ዋንዛው…» አልኩ። «ደጃችን ስላለው ዋንዛ ነው የመጣሁት። እማሆይ…»

«ገብቶናል መምህርት!» አቶ ጌትነት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ዘግይተናል፤ ሕዝቡ ከቀደመን ምን እንላለን? የዋንዛው ጉዳይ በአስቸኳይ ይፈጸማል።»

ሦስተኛው ጭብጨባ የተጨበጨበው ለዚህ ነው። ተቀመጥኩ።

ስንወጣ አባ በመቋሚያቸው መንገድ እየመቱ አጠገቤ መጡ። «ልጄ፣ ሳታውቂ ቅኔ ተቀኘሽ» አሉኝ። «ሰሙን አንቺ ያዝሽ፤ ወርቁን እነሱ ወሰዱት።»

«ሰሙ እንኳ የት አለ አባ? ሻማዬንም ወሰዱብኝ።»

«ሰም በዚህ ሙቀት መች ይቆማል?» አሉ። ሊያስቁኝ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

በማግሥቱ ላስተካክል ቢሮ ሄድኩ። አቶ ጌትነት ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ። ቢሮው ቀዝቀዝ ይላል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ትንሽ ቬንቲሌተር ወዲያና ወዲህ ታያለች።

«አቶ ጌትነት፣ ትናንት ሞቀች ያልኩት… ሙቀት ማለቴ ነበር። ፀሐይ። እንደዚህ» ብዬ በነጠላዬ ፊቴን አራገብኩ።

«ትሕትናዎ!» አሉ። «እርስዎን የመሰለ ሰው ሲያመሰግን መልሶ ያፍራል።»

«ዋንዛው ይቅርልን ማለቴ ነው። እማሆይ በሽተኛ ናቸው፤ ጥላው መድኃኒታቸው ነው።»

ይህን ጊዜ ፊታቸው ትንሽ ከበደ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «መምህርት፣ መንገዱ በዚያ ነው የሚያልፈው። እኛ ደግሞ ችግኝ እንተክላለን፤ በአንዱ ዛፍ ፋንታ ብዙ።»

«ችግኙ ጥላ እስኪኖረው እማሆይ የት ይዋሉ? ሰማንያን አልፈዋል።»

«ልማት ትዕግሥት ይጠይቃል» አሉኝ። ቬንቲሌተሯ ወደ እኔ ዞረች፣ ትንሽ ነፈሰችልኝና ተመልሳ ወደ እሳቸው ሄደች።

ያን ማታ ልነግራቸው ቆርጬ እማሆይ ዘንድ ገባሁ። ክፍላቸው እንደ ምድጃ ትግላለች፤ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ ያ መስቀል…»

«መቁረጫ ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ያውቃሉ?»

«የማላውቅ መሰለሽ? ባሕር ዛፉንም እንዲሁ ቀብተው አይደል የወሰዱት?»

«ታዲያ ለምን ይስሙታል?»

«መስቀልም እኮ መጀመሪያ መግደያ ነበር ልጄ» አሉ። «ደሞም ሰው ሁሉ እየሳመው ካለፈ፣ ቆራጮቹ ሲመጡ ያፍሩ ይሆን ብዬ ነው።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ስብሰባ ተናገርሽልኝ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ይታይሽ ሁሉንም ነግራቸው እንደሆነ፣ ግማሹን ደብቃላቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

ቆራጮቹ አላፈሩም፤ ግን ልጆች ናቸው፣ የሰው አገር ልጆች፣ እማሆይ ውኃ አቀረቡላቸው። መጋዙ ግንዱ ውስጥ ሲገባ ቀዩ ምልክት መሐል ለመሐል ተከፈለ። ሲወድቅ መሬቱ ዘለለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ድምፁ አይደለም፤ ብርሃኑ ነው። ዋንዛው በወደቀበት ቅጽበት የመስታወቱ ብርሃን እንደ ጎርፍ መጥቶ በእማሆይ ክፍል ገባና አልጋቸውን፣ ሥዕላቸውን፣ ቁርበታቸውን ሁሉ አጥለቀለቀ። ሙቀቱ እንጂ ብርሃኑ ገብቶባት የማያውቅ ክፍል ናት። «ይኸው፣ አቧራዬ ሁሉ ታየ» አሉ እማሆይ፣ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው።

ቁርበታቸውን ግንዱ የነበረበት ላይ አንጥፈው መቀመጥ ቀጠሉ። ይታይሽ ጠባብ መጋረጃ ሰፍታ በራቸው ላይ ሰቀለችላቸው፤ እኔ የእናቴን ጋቢ በሁለት እንጨት ወጠርኩላቸው፤ ንፋስ ወሰደው። በሕማማት ሰሞን፣ በስግደት ላይ ሳሉ ወደቁና አልተነሡም። ስግደት መስሎን ቆየን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ያችው ነርስ «ጥላ ቦታ ይዋሉ አላልኩም?» ብላ ተቆጣችን።

ዳኑ፤ ግን ለመቆየት ፈቃዳቸው አልሆነም። ፋሲካ እንዳለፈ የእህታቸው ልጅ ከመርጡለ ማርያም መጣችና ወሰደቻቸው። ዳዊታቸውንና ቁርበታቸውን ብቻ ይዘው ነው የወጡት። መናኸሪያ ድረስ ዣንጥላዬን ዘርግቼ ሸኘኋቸውና እዚያው አስታቀፍኳቸው።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«እኔ የቆላ ሰው ነኝ እማሆይ፤ ለምጄዋለሁ።»

«ተይ እንግዲህ፣ አትዋሺ» አሉ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው። «እዚያ ዛፍ አለ፤ ገና አልሞቀም። ስትደክሚ ነይ።» ቃሉን ያሉት አስበው ይሁን ሳያስቡት ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። ከፊታቸው ላይ የዣንጥላዬ ጥላ ወርዶ ነበር።

ችግኞቹ ተተከሉ። ፍየል በላቻቸው። የዋንዛው ጣውላ የአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ሆነ ይባላል፤ ሄጄ አላየሁም።

ግንቦት ላይ ዋንዛው በነበረበት ቦታ ሁለት ብረት ተተከለና ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። መንገዱና ፎቁ ተሥለውበታል፤ ከሥር ደግሞ በቀይ ቀለም «ከተማችን ሞቀች!» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ አነስ ባለ ጽሕፈት፣ «ነዋሪዎች እንደመሰከሩት»። ነዋሪዎቹ እኔ ነኝ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ከሥራ ስመለስ ባጃጅ የምጠብቀው እዚያ ሰሌዳ ሥር ነው። ዣንጥላ የለኝም፤ ከዳር እስከ ዳር ሌላ ጥላ የለም። የቃሌ ጥላ ጠባብ ናት፣ ለአንድ ሰው፣ ቀጠን ብሎ ለቆመ ለሁለት ትበቃለች። እሷ ስትዞር እኔም እዞራለሁ፤ እማሆይ እንዳስተማሩኝ።

ባለፈው ቀን ቆሜ ሳለ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ አጠገቤ ተጣበቀ። አቶ ጌትነት ናቸው። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተለጥፏል፤ መሐረባቸው ሊጨመቅ ደርሷል።

«እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ መምህርት» አሉ እያለከለኩ። «ኡፍፍፍ! ኧረ ዛሬስ ሞቀ!»

ጠጋ አልኩላቸው። ወደ ላይ ሰሌዳውን አየሁ፤ ወደ እሳቸው አየሁ። ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ምን ማለት እንዳለብኝ ቃል በቃል አሰብኩ። ምንም ቃል ግን የሚታመን አልመሰለኝም። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና፣ ሁለቱን እጆቼን አንሥቼ አጨበጨብኩላቸው።